የብረቶቹ ክርስትና አባቶች

ማንኛውም ብረት፣ ከባድም ሆነ ቀላል፣ ያለ ክርስትና አባት ወደ ትምህርት ቤት ግቢ መግባት የለበትም። ይህ ታላቅ መርህ በከተማችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ቀርቦ፣ ሰፊ ውይይት ተደርጎበት፣ በዘጠኝ ድጋፍ፣ ያለ ምንም ተቃውሞና በሁለት እንቅልፍ ጸድቋል። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስሜ ኤቫሪስቶ ነው፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት፤ የኮሚቴው ጸሐፊ የሆንኩትም ተመርጬ ሳይሆን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እስክሪብቶ ይዞ የተገኘ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

በእኛ አገር፣ በዚህ ብርድ በማይጠፋበት የቦሊቪያ ደጋ፣ ክርስትና አባት የሌለው ነገር እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ክርስትና ለሕፃን ብቻ ነው የሚሉ አገሮች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ያሳዝኑኛል። እኛ ዘንድ የሠርግ ኬክ ክርስትና እናት አለው፤ የሠርጉ ሙዚቃ ክርስትና አባት አለው፤ ለእግር ኳሱ፣ ለአዲስ የአውቶቡስ ጎማ፣ ለምርቃት ፎቶግራፍ ሳይቀር አለ። ክርስትና ያነሳው ሰው ዕቃውን ይገዛል፤ ስሙ በዕቃው ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ለምድር እናታችን ለፓቻማማ ቢራ ይረጫል፤ ባለቀለም ወረቀት ራሱ ላይ ይበተንለታል፤ ከዚያ ወዲያ ከመላው ከተማ ጋር አበልጅ ነው። በዚህ ዘዴ ብዙ ሠርተናል። ለምሳሌ የትምህርት ቤታችን ደወል አራት ክርስትና አባቶች አሉት፤ ደወሉ ራሱ ግን ገና አልተገዛም።

ነገሩ የጀመረው ከክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቢሮ በመጣ ባለሁለት ገጽ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ያለ አደጋ ጉልበታቸውን የሚያጠነክሩበት ጂም እንዲያዘጋጁ፣ ከአራት ወር በኋላ ተቆጣጣሪ መጥታ አንድ ክፍለ ጊዜ እንደምታይ፣ ግምገማዋን ካለፈም ትምህርቱ በመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ እንደሚገባ ይገልጻል። ሁለተኛው ገጽ ስለ ጥንቃቄ ነበር። እሱ ላይ ስንደርስ ምሳ ደረሰ።

ሁለተኛውን ገጽ ያነበበች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የስፖርት መምህርቷ ሴኖቢያ። ሴኖቢያ የተጻፈ ነገር ሁሉ ይነበባል ብላ የምታምን፣ በዚህም የተነሳ ኮሚቴውን ብዙ ያስቸገረች ሰው ናት። ከምሳ በኋላ የሚያስፈልጋትን በወረቀት ጽፋ መጣች። ስድስት የላስቲክ ምንጣፍ። ሁለት ዘንግ። ከሁለት ኪሎ ተኩል የሚጀምሩ ቀላል ቀላል ክብ ብረቶች። ብረቶቹ ከዘንጉ ጫፍ ተንሸራተው እንዳይወድቁ የሚይዙ አራት ማጥበቂያዎች።

«ለመጀመሪያው ወር ግን» አለች፣ «የመጥረጊያ እንጨት ይበቃናል።»

ሊቀመንበራችን ዶን ፎርቱናቶ መነጽራቸውን አወለቁ። ዶን ፎርቱናቶ የአሥራ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት፣ የጭነት ማኅበሩም ሊቀመንበር ናቸው፤ መነጽር ሲያወልቁ ሁላችንም ዝም እንላለን።

«መምህርት፣ ልጆቻችንን ጠራጊ ልታደርጊያቸው ነው?»

«አይደለም ዶን ፎርቱናቶ። መጀመሪያ አጎነባበስ ይማሩ ብዬ ነው። ክብደቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።»

«ጎንበስ ማለት ያቃተው ሰው አለ እንዴ?»

«ጎንበስማ ሁሉም ይላል። ቀና ማለቱ ነው የሚያቅተው። ዶን ካሲያኖን አላዩአቸውም?»

ዶን ፎርቱናቶ መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። ዶን ካሲያኖ ሃያ ዓመት ሙሉ በዶን ፎርቱናቶ መኪናዎች ላይ የድንች ጆንያ ሲጭኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው የመኸር ወቅት አንዱን ጆንያ እንዳነሱ ወገባቸው ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ሚስታቸውና ልጃቸው ማርሌኒ ጠዋት ጠዋት ደግፈው ወንበር ላይ ያስቀምጧቸው ነበር፤ በኋላ ሚስትየዋንም ወገቧ ከዳት። አንድ ጎረቤት ላግዝ ብሎ ገብቶ በክንዳቸው ቢጎትታቸው ጩኸታቸው ገበያው ድረስ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዲነካቸው አይፈቅዱም። ማርሌኒ አሥረኛ ክፍል ናት። ብቻዋን ልታገላብጣቸው ስትታገል ከርማ ክፍል የምትገባው አንድ እጇን ወገቧ ላይ ይዛ ነው።

«አንድ ሰው ለብቻው አያነሳቸውም» አለች ሴኖቢያ። «አነሳሱን የሚያውቁ አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ልጅቷን ጨምሮ አራቱን እኔ አስተምራለሁ። ካልሆነ እዚያ ቤት ሁለተኛ አልጋ መዘርጋቱ አይቀርም።»

ኮሚቴው በጥልቅ ሐዘን የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አደረገ። ቀጥሎም ወደ ዋናው አጀንዳ፣ ማለትም ትልቁን ብረት ማን ክርስትና ያነሳል ወደሚለው ተሸጋገረ።

ዶን ፎርቱናቶ ባለሃያ ኪሎውን ጥንድ ክርስትና አነሱ። ተጨበጨበ። ይኼኔ ዶኛ ባሲሊያ ተነሱ። ዶኛ ባሲሊያ የከተማችን ቢራ አከፋፋይ ናቸው፤ ስድስት ድርብ ቀሚስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አናታቸው ላይ ደልደል አድርገው ሲቆሙ የስብሰባው ክፍል ይጠብባል። ከዶን ፎርቱናቶ ጋር የአንድ አውቶቡስ፣ የሦስት ሠርግና የአንድ ሐውልት አበልጆች ሲሆኑ እስከ ዛሬ አንዱ ሌላውን በልጦ አያውቅም፤ ሁለቱም ይህን መቀበል አቅቷቸዋል።

«እኔ ባለሃያ አምስቱን» አሉ።

«አርባ!» አሉ ዶን ፎርቱናቶ።

«አርባ የሚባል ብረት የለም እኮ» አለች ሴኖቢያ፣ «ለትምህርት ቤትማ ጭራሽ...»

«ይሠራል!»

«ሃምሳ» አሉ ዶኛ ባሲሊያ፣ ቁጭ እያሉ።

ኦሩሮ ከተማ ያለው ብረት አቅላጭ ትእዛዙ ሲደርሰው ለመርከብ መልሕቅ ነው ወይ ብሎ ደውሎ ጠየቀ። ባሕር የሌለን ሰዎች መሆናችንን አስታውሶ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ ዓይነት ጂማችን ባለአርባ ኪሎ ጥንድ፣ ባለሃምሳ ኪሎ ጥንድ ብረትና ሁለቱ በጋራ ክርስትና ያነሱትን አንድ ዘንግ ታጠቀ። ሃያውና ሃያ አምስቱ ለባለቤቶቻቸው ክብር ስላነሱ ተሰረዙ። ሁለት ኪሎ ተኩሉን ክርስትና የሚያነሳ ሰው እንዳለ ስጠይቅ አንድ ሰው ሳቀ፤ ያ ሰው በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፣ የሳቀው ግን ከልቡ ነበር።

ማጥበቂያውን በሚመለከት የተደረገውን ውይይት ከቃለ ጉባኤው እንዳለ ላቅርበው።

«አራት ማጥበቂያ ቀርቷል» አልኩ። «ማን ይወስዳል?»

«ምን ያህላል?» አሉ ዶኛ ባሲሊያ።

«የእጅ አምባር ያህላል» አለች ሴኖቢያ።

«ታዲያ ስሜ የት ይጻፋል?»

«ስምዎ ላይጻፍበት ይችላል። ብረቱ ልጅ እግር ላይ እንዳይወድቅ የሚይዘው ግን እሱ ነው።»

«የኔ እመቤት፣ እኔ የማይታይ ነገር ክርስትና አላነሳም። ነገ ሰው ጂም ገብቶ ባሲሊያ የቷ ናት ቢል ጎንበስ ብሎ ሊፈልገኝ ነው?»

ማጥበቂያው በሙሉ ድምፅ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ተላለፈ። የላስቲክ ምንጣፉም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ጂም የሚሆነውን አዳራሽ ወለል ዶን ፎርቱናቶ ክርስትና ስላነሱት ምንጣፍ ስማቸውን ይሸፍናል። ወለሉ በሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ ተነጠፈ፤ መሐል ላይ በአንድ አንድ ሜትር ፊደል «ፎርቱናቶ» ተጻፈበት፤ ሳምንት ሳምንትም በሰም ይወለወል ጀመር። ዶኛ ባሲሊያ በበኩላቸው ግድግዳውን የሚያህል መስተዋት አቆሙ። ተማሪ ጀርባው መቅናቱን የሚያይበት ከፍታ ላይ በወርቅ ቀለም «ባሲሊያ» ተብሎ ስለተጻፈ፣ ጀርባውን ፈልጎ የሄደ ሁሉ ዶኛ ባሲሊያን ያገኝ ነበር።

ምርቃቱ ዓርብ ዕለት በደመቀ ሁኔታ ተከናወነ። ሙዚቀኞቹ ትልልቅ ጥሩንባቸውን ይዘው መጡ። በአራቱም የአዳራሹ ማዕዘን፣ በእያንዳንዱ ብረት አናት ላይ፣ በዘንጉ ላይ ርዝመቱን ተከትሎ ቢራ ተረጨ። ባለቀለም ወረቀቱ እርጥቡ ወለል ላይ ተጣብቆ የአበባ መስክ መሰለ። እኔም ጨፍሬያለሁ። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ቢሆንም ይህ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።

ከጭፈራው በኋላ ዶን ፎርቱናቶ የክርስትና ልጆችን ክብር የሚያስጠብቅ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ማንኛውም ብረት ክርስትና አባቱ ወይም ክርስትና እናቱ በአካል ባልተገኙበት እንዳይነካ። ዶኛ ባሲሊያ ደገፉ። በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ተንጠለጠለ፤ የአንዱ መክፈቻ እሳቸው ዘንድ፣ የሌላው ዶን ፎርቱናቶ ዘንድ። በዘንጉ ላይ ማን ብረቱን ይስቀል የሚለው ክርክር ሁለት ሰዓት ከፈጀ በኋላ በጥበብ ተፈታ። በግራ ጫፍ የዶን ፎርቱናቶ አርባ፣ በቀኝ ጫፍ የዶኛ ባሲሊያ ሃምሳ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ፍትሐዊ ውክልና ይባላል። ሴኖቢያ ዘንግ በፍትሐዊ ውክልና አይነሳም ብላ ልታስረዳ እጇን ስታወጣ ጊዜው አልቆ ነበር።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠችም። ዶኛ ባሲሊያ መጋዘን ድረስ ሄደች።

«ሐሙስ ጠዋት ክፍል አለኝ፤ መጥተው በሩን ቢከፍቱልን? ብረቱን አንነካም፣ ባዶውን ዘንግ ብቻ ነው።»

«እሱ ፎርቱናቶ ይመጣል?»

«አዎ፣ እመጣለሁ ብለዋል።»

«እንግዲያው አይመቸኝም።»

ስለዚህ ሴኖቢያ ከመምህራንም ከኮሚቴዎችም የማይጠበቅ ነገር አደረገች። ማስተማር ጀመረች። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ግቢ፣ በአፈሩ ላይ፣ ሃያ ሁለት ልጆችን አሰልፋ መጀመሪያ የመጥረጊያ እንጨት አስያዘቻቸው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አሸዋ የተሞላ የዱቄት ከረጢት፣ ሁለት ኪሎ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ አሥር። የልብስ ስፌት ቤቴ መስኮት ወደዚያ ግቢ ስለሚከፈት ድምፅዋ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

«እግር ሰፋ! ጉልበት እጠፉ! ጀርባ ቀጥ! ሸክሙን ወደ ሆድ አስጠጉ! አሁን ተነሱ... አንተ፣ ሊዮኔል፣ ምን ያጣድፍሃል? አውቶቡስ አመለጠህ?»

እኔ ራሴ የከሰል ካውያዬን ጉልበቴን አጥፌ ሳነሳ ራሴን አገኘሁት። ወገቤ ሳይጮህ የዋልኩበትን የመጀመሪያ ቀን አስታውሳለሁ። ማርሌኒም እጇን ከወገቧ ላይ አወረደች። ስምንተኛው ሳምንት ላይ አራት ሆኖ በብርድ ልብስ ሰው ማንሳት ይማራሉ ተብሎ ተነገራቸው፤ ልጅቷ ያንን ሐሙስ በጣቷ ትቆጥር ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ኮሚቴው ተጠራ።

«ሰው ምን ይላል?» አሉ ዶን ፎርቱናቶ። «ባለስም ብረት እያላቸው ልጆቻቸው የዱቄት ከረጢት ያነሳሉ አይለንም? ያውም ክርስትና አባት የሌለው ከረጢት!»

«ያውም ከእኔ መስተዋት ጀርባ!» አሉ ዶኛ ባሲሊያ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። እንዲህ ተብሎ ተወሰነ፦ ክርስትና አባት የሌለው ማናቸውም ከረጢት፣ እንጨትና አሸዋ ከዛሬ ጀምሮ በግቢውም ሆነ ከግቢ ውጭ ለትምህርት ዓላማ እንዳይነሳ፤ ይህን የተላለፈች መምህርት ወደ ሌላ ወረዳ እንድትዛወር። እኔ ጻፍኩት። በጣም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት።

በማግሥቱ ማርሌኒ ስፌት ቤቴ መጣች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ያሉትን ነው የጻፍኩት ልጄ።»

«ሐሙስ እኮ ሰው ማንሳት ልንማር ነበር። መምህርት ሴኖቢያ ቃል ገብታልኝ ነበር።»

«ተቆጣጣሪዋ ልትመጣ ሁለት ሳምንት ቀራት። ትንሽ ታገሺ።»

«ሁለት ሳምንት ለእርስዎ ነዋ» አለች። «አባቴ ግድግዳ ነው የሚያየው።»

ሄደች። የያዝኩትን ሱሪ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ ሰፋሁት። ፈሪ ነኝ፤ ይህ በማንኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ ሊመዘገብ ይችላል፣ ተቃውሞ የለኝም።

ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ኢቮን በጠዋቱ አውቶቡስ ገቡ። ቀጠን ያሉ፣ ትንሽ ቦርሳ የያዙ፣ የማይስቁ ሴት ናቸው። ከአውቶቡስ እንደወረዱ ባለቀለም ወረቀት ተበተነባቸው፣ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን ገባ፣ ጥሩንባው ጆሯቸው ሥር ተነፋ። ለክብራቸው ሲባል ብረቶቹ እንደገና በቢራ ታጥበዋል፤ ወለሉም ጠዋት ተወልውሏል። ንግግር ተደረገ። የሁሉንም አልጠቅስም፤ የዶን ፎርቱናቶ ብቻ ይበቃል።

«ክብርት ተቆጣጣሪ፣» አሉ፣ «ይህ ጂም ባለድርሻ አካላት ባደረጉት ርብርብ ከመቼውም ጊዜ በላይ አስተማማኝ በሆነ ሁኔታ የተደራጀ ነው። ከተመረቀበት ዕለት ጀምሮ አንድም አደጋ አልደረሰበትም!»

ተጨበጨበ።

«ስንት ተማሪ ተማረበት?» አሉ ወይዘሮ ኢቮን።

«አንድም።»

«ገባኝ። ክፍለ ጊዜውን አሳዩኝ።»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ተማሪ ከረጢት እንዳያነሳ ያገድነው እኛ ነን። ብረቱ ደግሞ ባይታገድም ተማሪ የሚያነሳው ብረት አይደለም። ዶን ፎርቱናቶ ግን እንዲህ ላለው ቀን የተፈጠሩ ሰው ናቸው፤ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ።

«የክርስትና ልጄን እኔው አነሳዋለሁ!»

«ግማሹ የኔ ነው» አሉ ዶኛ ባሲሊያ።

«ዶን ፎርቱናቶ፣ ይተዉት!» ሴኖቢያ ከተማሪዎቹ መሐል ሮጣ ወጣች። «ማጥበቂያ የለውም! ሁለቱ ጫፍ እኩል አይደለም! እምቢ ካሉም ጉልበትዎን ይጠፉ!»

«እኔ ለማንም አልንበረከክም!»

እግራቸውን ሳያጥፉ ጎንበስ አሉ። ዘንጉን ያዙ። ፊታቸው ቀይ ሽንኩርት መሰለ። እውነቱን ለመናገር ብረቱ ተነስቷል፤ በግራ በኩል አንድ ጣት ያህል። በቀኝ በኩል የዶኛ ባሲሊያ ሃምሳ ኪሎ ምንም አልመሰለውም። ዘንጉ አጋደለ፤ ሃምሳው ከጫፉ ሾልኮ ወጣ፤ በዚያ በተወለወለ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ እየተንከባለለ በ«ፎርቱናቶ» ላይ አለፈ፣ ከወይዘሮ ኢቮን ጫማ አንድ ስንዝር ርቆ ሄደና «ባሲሊያ»ን መሐል ለመሐል መታት። መስተዋቱ ለጥቂት ጊዜ ያሰበበት መሰለ። ከዚያ ሁሉም ወረደ። ዶን ፎርቱናቶ በበኩላቸው ዘንጉን ለቀው፣ ቢራው ላይ ተንሸራተው፣ በገዛ ስማቸው የመጨረሻ ፊደል ላይ በቂጣቸው ወድቀው በጀርባቸው ተዘረጉ።

«ወገቤ!» አሉ። «ወገቤ አልንቀሳቀስ አለ!»

ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። አንዱ ክንዳቸውን ያዘ፣ ሌላው እግራቸውን፤ እኔ ኮታቸውን ይዤ ነበር። ዶን ፎርቱናቶ እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። ጩኸቱን ግን አውቀዋለሁ፤ ገበያው ድረስ የተሰማው ያው ጩኸት ነው።

«አትንኳቸው!» አለች ሴኖቢያ። እንዲህ ጮክ ብላ በኮሚቴ ፊት ተናግራ አታውቅም። «ሁላችሁም ዞር በሉ። ማርሌኒ፣ በሩ ላይ ለእንግዳዋ ከተነጠፉት አንዱን ብርድ ልብስ አምጪ! ሮሲዮ፣ ኔሊዳ፣ ሊዮኔል፣ ኑ። መጀመሪያ ስብርባሪውን ጥረጉ። ይህ የዛሬ ሁለት ሳምንት የቀረው ትምህርት ነው፤ ልብ ብላችሁ ስሙኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ብዕራቸውን አወጡ።

«በጎን እናገላብጣቸዋለን፤ አንድ ላይ፣ አንገትና ወገብ እኩል። አትጎትቱ። ብርድ ልብሱን ከሥር። አሁን ወደ ጀርባቸው። በአራቱ ጥግ ያዙ። እግር ሰፋ። ጉልበት እጠፉ። አስጠጉ። ማርሌኒ፣ አንቺ ቁጠሪ።»

«አንድ» አለች ማርሌኒ። «ሁለት። ሦስት።»

ዶን ፎርቱናቶ ከመሬት ተነሱ። አልጮሁም። በአራት ልጆች እጅ ላይ ጠፍጣፋ ሆነው፣ ጣራውን እያዩ፣ እንደ ታቦት በዝግታ ወደ በሩ ሄዱ። ማርሌኒ ፊቷ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ለመግለጽ ብሞክር አበላሸዋለሁ፤ ልጅቷ የምታነሳው ሌላ ሰው ነበር።

«ለሪፖርቱ፣» አሉ ወይዘሮ ኢቮን እየተከተሉ፣ «ሸክሙ ስንት ኪሎ ነው?»

«ሰባ አምስት ይሆናሉ» አለች ሴኖቢያ።

ከብርድ ልብሱ ውስጥ ድምፅ ወጣ። «መቶ ሃያ! መቶ ሃያ ብለው ይጻፉ!»

«መቶ ሃያ?» ዶኛ ባሲሊያ ከመስተዋታቸው ስብርባሪ መሐል ቀና አሉ። «አንተ? ከነጫማህ፣ ከነመነጽርህ ሰማንያ አትሞላም!»

«ይመዘገባል አበልጄ! በክፍለ ሀገር ደረጃ ይመዘገባል!»

ዶኛ ባሲሊያ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ስድስቱን ቀሚስ ሰብስበው፣ በሩ ላይ ወደ ቀረው ሌላ ብርድ ልብስ ሄዱና በጀርባቸው ተጋደሙ።

«እኔንም አንሱኝ» አሉ። «እኔንም ጻፉኝ።»

«ዶኛ ባሲሊያ፣ እርስዎ እኮ ጤነኛ ነዎት» አለች ሴኖቢያ።

«ጤነኛ ሰው አይመዝንም ያለው ማነው?»

ስድስት ልጆች አነሷቸው። በአየር ላይ ሳሉ እጃቸውን ለሕዝቡ አወዛወዙ፤ ሙዚቀኞቹ ይህ የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ጥሩንባውን ነፉ። አራት ተጨማሪ የኮሚቴ አባላት እንዲመዘገቡ ተጋድመው ቢጠብቁም ወይዘሮ ኢቮን አውቶቡስ ስለሚያመልጣቸው ጉዳዩ በይደር ቀረ።

ሪፖርቱ ሦስት መስመር ነው። አዳራሹ ከነብረቱ ይታሸግ። በግቢው የሚሰጠው ትምህርት ከነገ ጀምሮ እንዳለ ይቀጥል። ምንም ነገር አይጨመርበት፣ ምንም ስም አይጻፍበት። ኮሚቴው በበኩሉ ባደረገው ግምገማ ራሱን ለትምህርት መሣሪያነት አሳልፎ በመስጠቱ ለራሱ ምስጋና አቅርቧል፤ ይህ በጎ ልምድ ተጠናክሮ እንዲቀጥልም አቅጣጫ ተቀምጧል።

በማግሥቱ ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ የተሰፋ ሱሪ ላደርስ ስሄድ በዶን ካሲያኖ ደጅ አለፍኩ። አራቱ ልጆች ከቤት እየወጡ ነበር። ዶን ካሲያኖ በሩ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጢማቸው አድጓል፤ ብርሃኑ ዓይናቸውን አስጨንቆታል፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው መንገዱን ያያሉ። ሰላም በማለት ፈንታ የያዝኩትን ሱሪ እንደገና አጣጠፍኩ።

ማርሌኒ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ ታለብስ ነበር።

«ትናንት ዶን ፎርቱናቶን አነሳሻቸው አሉ» አሏት አባቷ።

«አነሳኋቸው አባዬ።»

ዶን ካሲያኖ እጃቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። የሃያ ዓመት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መሰሉኝ።

«ከባድ ናቸው?»

ልጅቷ አሰበችበት፤ መምህሯ እንዳስተማረቻት ሳትቸኩል አሰበችበት።

«አይ» አለች። «እርስዎ ሲጭኑላቸው ከኖሩት ጆንያ ይቀላሉ።»

ዶን ካሲያኖ ሳቁ። ሳቁ ወገባቸውን አመማቸው፤ ቢያማቸውም አላቆሙም።